ይሉኝታ የበላው ውል፦ የዶክተር ፋርንስወርዝ ቤት ጉዳይ

ጊዜው 1945 መጨረሻ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቺካጎ ውስጥ አንዲት ወዳጃቸው ቤት እራት ተጠርተው ሁለት ሰዎች ተዋወቁ። አንደኛዋ ዶክተር ኤዲት ፋርንስወርዝ ናት። የኩላሊት ሐኪም ናት፤ አርባ ዓመት ትንሽ አልፏታል። ብቻዋን ትኖራለች፤ ሥራዋ ፋታ አይሰጥም። ቅዳሜና እሁድ ወጣ ብላ የምታርፍባት ትንሽ ቤት ትፈልጋለች። መሬቱንም አግኝታለች። ከቺካጎ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ፕላኖ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቦታው እዚያ ፎክስ ወንዝ ዳር ነው፤ ባለቤቱ የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ አሳታሚ ሮበርት ማኮርሚክ ነበር።

ሁለተኛው እንግዳ ሉድቪግ ሚስ ቫን ደር ሮ ነው። ጀርመናዊ አርክቴክት ነው፤ የዝነኛው የባውሃውስ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ኃላፊ ነበር። ባውሃውስ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ተዘጋ። እሱም በ1938 ቺካጎ ገብቶ የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍል ይመራ ጀመር። ያን ጊዜ ስሙ በዓለም የናኘ ሰው ነው።

ኤዲት በኋላ በጻፈችው ትዝታዋ ላይ እንደምትለው፣ ያን ማታ የጠየቀችው እሱን ራሱን አልነበረም። ቢሮው ውስጥ ካሉት ወጣቶች ይህችን ትንሽ ቤት ሊሠራላት የሚወድ ይኖር እንደሆነ ነው የጠየቀችው። ሰውዬው አብዛኛውን ማታ ዝም ብሎ ነበር የተቀመጠው። አፉን ሲከፍት ግን እኔው ራሴ በደስታ እሠራልሻለሁ አላት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጉዳዩ በሙሉ የተበላሸው እዚህች ቅጽበት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በጊዜው ከነበሩት ታላላቅ አርክቴክቶች አንዱ «እኔ ራሴ» ሲልሽ፣ «እሺ፣ ታዲያ ስንት ታስከፍለኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። እኛ ለዚህ ስሜት ልክክ የሚል ቃል አለን፤ ይሉኝታ። ቃሉ የእኛ ይሁን እንጂ ስሜቱ ቺካጎም አለ። ኤዲት አልጠየቀችም። እሱም አልነገራትም። በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ውስጥ በሁለቱ መካከል አንድም የተፈረመ ውል አልነበረም።

በ1946 አብረው ወደ ፕላኖ መመላለስ ጀመሩ። ምግብ ይዘው ይሄዳሉ፣ ወንዙ ዳር ይቀመጣሉ፣ ስለ ቦታው ያወራሉ። ወዳጅነታቸው ጠበቀ። እሷ ሙዚቃም ፍልስፍናም ትወዳለች፤ ከደንበኝነት አልፋ የሐሳብ ጓደኛ ሆነችው። ዲዛይኑ ብዙም ሳይቆይ መልክ ያዘ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ፣ አራቱም ጎኑ መስታወት የሆነ አንድ ክፍል ቤት። በ1947 ደግሞ የቤቱ ሞዴል በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። ቤቱ ገና አልተጀመረም። መሠረት እንኳ አልተቆፈረም። ግን ስሙ ወጥቷል።

ኤዲት በዚህ ኮርታለች፤ ማንም ቢሆን ይኮራል። ነገር ግን ቤቱ ያን ቀን የሁለት ሰው ሆነ። ለእሷ የእረፍት ቤቷ ነው። ለእሱ ደግሞ ዓለም የሚያይለት ሥራው ነው። ሁለቱ ፍላጎቶች ቢለያዩ ማን ይወስናል? ያን የሚናገር ወረቀት አልነበረም።

ግንባታው የተጀመረው በ1949 ነው፤ ያን ጊዜ ውርስ ደርሷት እጇ ላይ ገንዘብ ነበር። ስለ ቤቱ አሠራር ትንሽ ልንገራችሁ፤ ሒሳቡ የተወለደው ከዚያው ነውና። ቤቱ በስምንት የብረት ዓምዶች ይደገፋል። ዓምዶቹ ወለሉንና ጣሪያውን ከጎን ይይዛሉ እንጂ ከሥር አይሸከሙም። አንድ ብሎን አይታይም። ሁሉም ብየዳ ነው፤ የብየዳው ጠባሳ ተሞርዶ ጠፍቷል፣ ብረቱ በኃይል በሚረጭ አሸዋ ተጠርጎ ለስልሷል፣ ከዚያ ነጭ ቀለም ደጋግሞ ተቀብቷል። ወለሉ ትራቨርቲን የሚባል ድንጋይ ነው። በረንዳው ላይ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው የሚፈስበት ተዳፋት አታዩም፤ ድንጋዩ ፍጹም ልሙጥ ነው። ምስጢሩ ከሥር ነው። በድንጋዮቹ ሥር እንደ ተገለበጠ ፒራሚድ የሆኑ የብረት ገንዳዎች አሉ፤ በጠጠር ተሞልተዋል። ውኃው በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ይሰርግና በጠጠሩ አልፎ ከታች ይወጣል። ውበቱ እንዲህ ያለ ነው። ዋጋውም እንዲህ ያለ ነው። ከላይ ቀለል ብሎ የሚታይ ነገር ሁሉ ከሥሩ የብዙ ሰው ጉልበት ተቀብሯል።

ይህን ሥራ ያከናወነው ኮንትራክተር ማን ነው? መልሱ የጉዳዩ ሁለተኛ ቋጠሮ ነው፤ ዋና ተቋራጭ የሚባል አልነበረም። የቫን ደር ሮ ቢሮ ራሱ ዕቃ ይገዛል፣ ብረት ሠሪውን፣ ድንጋይ ጠራቢውን፣ አናጢውን ራሱ ይይዛል። ማይረን ጎልድስሚዝ የተባለው የቢሮው ወጣት አርክቴክትና መሐንዲስ ሥራውን ይከታተላል። ኤዲት ደግሞ ገንዘብ ሲጠየቅ ቼክ ትጽፋለች። ስለዚህ ዲዛይን ያወጣው፣ የሚገነባው፣ የሚቆጣጠረውና ሒሳብ የሚይዘው አንድ ቢሮ ነው። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። ግን አንድ ነገር ይጠፋል። አርክቴክት ሲቀጠር ከሚሰጣቸው ትልልቅ አገልግሎቶች አንዱ የተቋራጩን ሒሳብ ለባለቤቱ ወግኖ ማየት ነው። ተቋራጩ እሱው ከሆነ ለባለቤቷ ማን ያይላታል?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ኤዲት በኋላ እንደተናገረችው እሷ በልቧ የያዘችው 40 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የተያዘው በጀት 58,400 ዶላር ነው። ሰኔ 1950 ላይ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። ገበያው ደነገጠ፤ የግንባታ ዕቃ ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። እኛ አገር ቤት ያሠራ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሲሚንቶና ብረት በአንድ ክረምት ምን እንደሚሆኑ ያውቀዋል። ቤቱ ሲያልቅ ወጪው 74 ሺህ ዶላር ደረሰ። ከበጀቱ 15,600 ዶላር በላይ ማለት ነው፤ በመቶኛ ወደ 27።

ሃያ ሰባት በመቶ ጭማሪ በግንባታ ዓለም ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር አይደለም። የዋጋ ማስተካከያ የሚባል አንቀጽ ውል ውስጥ የሚገባው ለዚሁ ነው። ሰውን ያሳመመው ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ጭማሪው ሲመጣ የሚነገርበት ሥርዓት አለመኖሩ ነው። ማን ይነግራታል? መቼ? እሷ «በዚህ ዋጋማ ይህ ይቅርብኝ» የማለት ዕድል የሚኖራት በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? አዲስ የገንዘብ ጥያቄ በመጣ ቁጥር እሷ እንደ ማታለል አየችው። እሱ ደግሞ የታወቀና ግልጽ ነገር ነው ብሎ አሰበ።

ኤዲት ቤቷ ውስጥ የመጀመሪያውን ሌሊት ያደረችው በ1950 የመጨረሻ ቀን ነው። የቤት ዕቃ የለም። መጋረጃ የለም። ትዝታዋ ላይ ያን ሌሊት ስታነሳ፣ ባለ 60 ዋት አንድ ራቁት አምፖል እንደነበር ትጽፋለች። በረዶው ሜዳ መሐል፣ አራቱ ጎን መስታወት፣ አንድ አምፖል። ቤቱ ከሩቅ ፋኖስ መስሎ ይታይ እንደነበር መገመት ይቻላል። አልተመቻትም።

ከዚያ ጣሪያው ያፈሳል፣ ማሞቂያው ያስቸግራል፣ በብርድ ጊዜ መስታወቱ ላቦት ይይዛል የሚሉ አቤቱታዎች መጡ። በጋው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከበሩ ሌላ የሚከፈቱት በአንድ ጫፍ ያሉ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ብቻ ናቸው። ወንዝ ዳር ስለሆነ ትንኝ አይጣል ነው። የልብስ ቁምሳጥን ጉዳይም አጨቃጨቀ። ለሐኪሟ ይህ ዕለታዊ ኑሮ ነው። ለአርክቴክቱ ግን እያንዳንዷ ተጨማሪ ነገር ንጹሕ መስመሩን ታበላሽበታለች።

ኤዲት መክፈል አቆመች። በ1951 ቫን ደር ሮ ከሰሳት፤ ያልተከፈለ የዕቃና የሥራ ሒሳብ እንዲሁም የአገልግሎት ክፍያ ብሎ 28 ሺህ ዶላር ገደማ ጠየቀ። እሷም መልሳ ከሰሰችው። ዋጋውን በሐሰት አሳስቶኛል፣ ሥራውም ጉድለት አለበት አለች፤ የጠየቀችው ደግሞ ወደ 33 ሺህ ዶላር ይጠጋል። በ1952 ዮርክቪል በምትባለው ትንሽ ከተማ ፍርድ ቤት ክርክሩ ተሰማ። የምስክርነቱ ቃል ከሦስት ሺህ ገጽ በላይ ሆነ።

ያ ሁሉ ገጽ አንድና ሁለት ገጽ ብቻ ሊሆን ይችል የነበረን ወረቀት ለመተካት የተጻፈ ነው። ማን ምን አለ፤ ሽርሽር ሲሄዱ የተወራው ስምምነት ነው ወይስ ጨዋታ፤ ይህን ዋጋ ሰምታ ዝም ያለችው እሺ ብላ ነው ወይስ አፍራ? ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች የተጫወቱት ጨዋታ በጠበቃ አፍ ተመነዘረ። ወንዝ ዳር የበሉት ምሳ ማስረጃ ሆነ። ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል።

ጉዳዩን እንዲመረምር ፍርድ ቤቱ የሾመው ሰው በ1953 ሪፖርቱን አቀረበ። ሪፖርቱ ለአርክቴክቱ ያደላ ነበር፤ የማታለል ክሷ አልተረጋገጠም። ነገሩ እዚያም ላይ አላበቃም። ዓመታት ተጓትቶ በመጨረሻ በስምምነት ተዘጋ። በሕግ ያሸነፈው እሱ ነው። ወዳጅነቱ ግን አልተረፈም።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ወይ እሷን «ጥበብ ያልገባት» ያደርጋል፣ ወይ እሱን «ትዕቢተኛ» ይላል። ሁለቱም አይጥሙኝም። እኔ የሚታየኝ ሁለት ጨዋ ሰዎች ሊያወሩት ያፈሩት ነገር ነው። ስለዚህ መዝገቡን ዘግተን፣ ያን የጠፋ ወረቀት እንጻፈው። በ1946 አንድ ቀን ከፕላኖ ሲመለሱ አንድ ካፌ ቁጭ ብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይጻፍ ነበር?

መጀመሪያ አገልግሎቱ። «ቤት ይሠራልኛል» አገልግሎት አይደለም። አርክቴክት የሚሰጠው ነገር በደረጃ የሚከፈል ነው፤ የመነሻ ሐሳብ ንድፍ፣ የዳበረ ዲዛይን፣ ለሥራ የሚሆን ዝርዝር ሥዕልና የዕቃ መግለጫ፣ ተቋራጭ ማወዳደር፣ ከዚያ በግንባታ ወቅት ሳይት እየሄደ መቆጣጠር። አንዳንዱ ሰው የሚፈልገው ሥዕሉን ብቻ ነው። አንዳንዱ እስከ ቁልፍ ርክክብ ነው። በኤዲት ጉዳይ ቢሮው ሁሉንም ሠራ፤ የተቋራጩንም ሥራ ጨምሮ። ያ ተጨማሪ ሥራ ክፍያ አለው ወይስ በዲዛይን ክፍያው ውስጥ ነው? በኋላ ቢሮው ለእሱም ጠየቀ። እሷ ለብቻው እንደሚታሰብ አታውቅም። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት አላቸው። አንዲት መስመር ብትጻፍ ኖሮ ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት አይደርስም ነበር።

ቀጥሎ ክፍያው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። አርክቴክት በሦስት ዓይነት መንገድ ያስከፍላል፤ ከግንባታው ወጪ መቶኛ፣ የተቆረጠ ዋጋ፣ ወይም በሰዓት። መቶኛው ቀላል ይመስላል። ለምሳሌ 10 በመቶ እንበል፤ ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ እንጂ ከመዝገቡ የተወሰደ አይደለም። በ58,400 ዶላር ላይ 5,840 ይመጣል። በ74,000 ላይ ግን 7,400 ይሆናል። ወጪው ሲንር የአርክቴክቱም ክፍያ አብሮ ጨመረ። ባለቤቷ በብረት ዋጋ ተጎድታ ሳለች ለዲዛይንም 1,560 ዶላር ትጨምራለች ማለት ነው። ምንም ባያጠፋ እንኳ ጥርጣሬ ይገባል። ስለዚህ መቶኛ ከተመረጠ በየትኛው ወጪ ላይ እንደሚሰላ ይጻፍ፤ በጸደቀው በጀት ላይ ነው ወይስ በመጨረሻው ሒሳብ? ታክስን ይጨምራል? ለሥራ የተገዛው መሬትስ? እኔ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት የማደላው ለተቆረጠ ዋጋ ነው፤ በደረጃ ተከፋፍሎ የሚከፈል። አንድ ደረጃ ሲያልቅ ይረከባሉ፣ ያጸድቃሉ፣ ይከፍላሉ። ቀብድ ተሰጥቶ ዝም አይባልም።

በደረጃ መክፈል ሌላም ጥቅም አለው። መውጫ በር ይሰጣል። ኤዲት በ1947 የሞዴሉ ዝና ሲወጣ ስለ ወጪው ብታስብና «እስቲ ላቁመው» ብትል፣ እስከዚያ ለተሠራው ስንት ትከፍላለች? ሥዕሉስ የማን ነው? ሌላ ሰው ወስዶ ሊሠራበት ይችላል? ስለ መለያየት በፍቅር ጊዜ ማውራት እንደ ሟርት ይቆጠራል። ግን ሲዋደዱ ያልተጻፈ መለያየት ሲጣሉ አይጻፍም።

ከዚያ በጀት። በጀት ግምት ነው ወይስ ጣሪያ? ይህች ጥያቄ ብቻዋን የዮርክቪልን ግማሽ ክርክር ትይዛለች። አርክቴክት ዋጋን ዋስ ሆኖ ሊይዝ አይችልም፤ የገበያው ባለቤት አይደለም። ሊያደርግ የሚችለው፣ ግምቱ ከተባለው መጠን በላይ ሲያልፍ በጽሑፍ ማሳወቅና ባለቤቷ እስክትወስን መጠበቅ ነው። እንበል ከ5 በመቶ በላይ የሚጨምር ነገር ሁሉ ያለ ፊርማዋ አይታዘዝም። የኮሪያ ጦርነት ያኔም ይመጣ ነበር፤ ብረቱም ይወደድ ነበር። ግን እሷ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ራሷ ወስና ትሄድ ነበር። ራስህ የወሰንከው ጭማሪ ያቃጥላል እንጂ ክህደት አይመስልም።

የሚቀረው ለውጥ ነው፤ በግንባታ ቋንቋ ቫሪዬሽን የሚሉት። የትንኝ መከላከያ ወንፊት ልጨምር ብትል፣ ቁምሳጥን ብትፈልግ፣ ማን ይዲዛይነዋል፣ በስንት? የመጨረሻው ቃልስ የማን ነው? የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ቃሉ የነዋሪዋ ነው። አርክቴክቱ ለምን መጥፎ እንደሚሆን ያስረዳል፤ አጥብቆም ይከራከራል። ግን እዚያ የምታድረው እሷ ናት። በዚህ ላይ ብዙ አርክቴክት ወዳጆቼ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ውላችን ላይ ግን ይስፈር።

ከዚህ ሁሉ ጋር ስለ ዝናውም አንድ መስመር ያስፈልግ ነበር። የቤቱን ሞዴልና ፎቶ የማሳየት መብት ለአርክቴክቱ ቢሰጥ ምንም ክፋት የለውም። ሥራው ነው። ግን ሰው ሊያይ ሲመጣ በር የሚከፍተው ማን ነው? ኤዲት እንግዶች እየመጡ ቤቷን በመስታወቱ ሲያዩባት ተማራለች። የእረፍት ቤት ፈልጋ ነበር፤ ሙዚየም ውስጥ አደረች።

ይህን ሁሉ ለማውራት የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት ነው። ይከብዳል የሚለው ሰው የሚከብደውን ዓረፍተ ነገር ይኸው ልስጠው፦ «ኢንጂነር፣ ሥራዎን በጣም ነው የማከብረው። ስለዚህ ገንዘቡን ዛሬውኑ እንጨርስና ከነገ ጀምሮ ስለ ቤቱ ብቻ እናውራ። የእርስዎ ክፍያ ስንት ነው? ምንን ይጨምራል? ምንን አይጨምርም?» ጥሩ አርክቴክት ይህን ሲሰማ አይከፋውም። ደስ ይለዋል። እሱም ሊጠይቅሽ አፍሮ ነበርና።

ውጭ አገር ሆነው እዚህ ቤት ለሚያሠሩ ወገኖች ይህ በእጥፍ ይሠራል። ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ዱባይ ነው፣ ሳይቱ አዲስ አበባ ነው፣ መሐል ላይ ወንድም ወይም አክስት ይቆማሉ። ያኔ ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ለውጥ የሚያጸድቀው ማን ነው? ዘመድ በስልክ «እሺ በላቸው» ያለው ነገር የባለቤቱ ፊርማ ነው ወይስ አይደለም? ይህ ካልተለየ ጠቡ ከአርክቴክቱ አልፎ ቤተሰብ ውስጥ ይገባል።

ወደ ፕላኖ ልመለስ። ኤዲት ቤቱን አልጣለችውም። የቫን ደር ሮን ዕቃዎች ሳይሆን የራሷን አስገባች፤ ቅዳሜና እሁድ ለሃያ ዓመት ገደማ ኖረችበት። በወንፊት የተዘጋ በረንዳ አሠራች። በ1954 ወንዙ ሞልቶ ቤቱ ውስጥ ገባ። ወለሉ ከመሬት 1.6 ሜትር ገደማ ከፍ ያለው ጎርፉን አስቦ ነበር፤ ጎርፉ ግን ከዚያ በላይ ሆነ። በ1972 ለእንግሊዛዊው ሀብታም ፒተር ፓሉምቦ ሸጠችው። እሷ ጣሊያን ሄዳ የጣሊያን ግጥም ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመች ቀሪ ዕድሜዋን ኖረች።

በ2003 ቤቱ በጨረታ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የገዙት ለቅርስ ጥበቃ የቆሙ ድርጅቶች ናቸው፤ አሁን ለጎብኚ ክፍት ነው። ለብዙ ዓመታት በየመጽሐፉ «የፋርንስወርዝ ቤት» ተብሎ ሲጠራ ሰው የሚያውቀው የአርክቴክቱን ታሪክ ነበር። በ2021 ቤቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ስሙን ለወጠው። አሁን በይፋ የሚጠራው «የኤዲት ፋርንስወርዝ ቤት» ተብሎ ነው።